ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የሚታመም ኮምፒውተር

ድምፅ መቅዳት እንጀራዬ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ወጣሁና የራሴን ከፈትኩ። ስቱዲዮ እላታለሁ እንጂ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ከተከራየነው ቤት ጀርባ ያለች፣ ድሮ ዕቃ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋን ዙሪያውን በስፖንጅ ፍራሽ ሸፍነን፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ደራርበን ሰቅለናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ከሐይቁ በኩል መጥተው ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱም ሥራ ይቆማል። ቬንትሌተር ከከፈትን ድምፁ ስለሚቀዳ ሙቀቱን ችለን እንቀመጣለን። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ዝናቡም ወፉም ሲመጣ ይሰማል፣ ሲሄድም ይታወቃል። ያን ሰሞን ያንገበገበኝ ነገር ግን ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ሲሄድም ለምን እንደሄደ የማይነግር ነበር።

የያዝኩት ሥራ የልጆች ተረት ነው። ለትንንሽ ልጆች በሲዳምኛ የሚደመጥ ነገር የሚያዘጋጁ ጥቂት ሰዎች ተረቶቹን ሰብስበው ጻፉና አንባቢም አብረው ላኩልኝ። አንባቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ትንንሾቹን ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ረጅም፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሰው። በመጀመሪያው ቀን "የሲዳምኛው ሥራ" ስላቸው ረጋ ብለው አረሙኝ።

"ሲዳሙ አፎ በይው ልጄ። ስሙ እሱ ነው።"

እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም ቤተሰቦቼ ከስልጤ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሲዳሙ አፎ የምችለው ገበያ ወርጄ ለመከራከር ያህል ነው። ስለዚህ ተረቱ ግማሹ በቃሉ ይገባኛል፣ ግማሹን ደግሞ ከመምህሩ ፊት ነበር የማነበው። ፊታቸው ደግሞ ሁሉን ይናገራል። ዝንጀሮ ሲሆኑ ቅንድባቸው ይነሣል፣ ጃርት ሲሆኑ አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ ይገባል።

ችግራቸው ድምፃቸው ጠዋት ጠዋት መሻከሩ ነው። በፔርሙዝ የዝንጅብል ውሃ ይዘው ይመጣሉ። ጸሎታቸውን በልባቸው ያደርሳሉ፤ ትንሽ ያነባሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የምንቀዳው አብዛኛው ይጣላል። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጉሮሯቸው ይከፈትና ያ ወፍራም ድምፅ ያለ ምንም ጥረት ይወርዳል። ለስድስት ሰዓት ሲቃረብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ለዚያች ሰዓት ብዬ ነው ጠዋቱን በሙሉ የምታገሰው።

ጃርትና ዝንጀሮ እንሰት ተክለው ሲካፈሉ የሚለውን ተረት የቀዳን ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። ዝንጀሮ ላይ ላዩን ያየዋል፤ ቅጠሉ አምሮበታል። "ላዩ የኔ ነው" ብሎ ይመርጣል። ጃርት ቁጭ ብሎ ሥሩን ይቆፍራል። መጨረሻ ላይ ዝንጀሮ የደረቀ ቅጠል ታቅፎ ሲያለቅስ መምህሩ ድምፃቸውን ሰበር አድርገው፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቁ፣ በመሃሉ ደግሞ ሳቅ የሚያስመጣ ነገር ጨምረው አነበቡት። ክንዴ ላይ ጸጉሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ንባብ በዓመት አንዴም አይገኝም።

በዚያው ቅጽበት ሄድፎኑ ውስጥ መንጣጣት ጀመረ። እሳት ላይ እንደሚፈነዳ በቆሎ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል፤ ከዚያ ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ አንድ ቃል ጠፍቶ ሌላው ግማሹ ይመጣል። የኮምፒውተሩ ፋን ማጓራት ጀመረ። መምህሩ ምንም ስላልሰሙ እስከ መጨረሻው አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ። ደስ ብሏቸዋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደገና ልናደርገው ነው።"

"ምን አጠፋሁ?"

"እርስዎ አይደሉም። ኮምፒውተሩ ነው።"

እንደገና አነበቡት። ቃሉ አንድም አልተሳሳተም፤ ልቅሶው ግን ልቅሶ አልነበረም። ያም ቢሆን ተንጣጣ።

ይህን ጊዜ ለምሳ የመጣው ባለቤቴ ወደ ክፍሏ ገባ። ባለቤቴ መናኸሪያ አካባቢ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ። ምሳውን ሁልጊዜ በሞተር ሳይክሉ መጥቶ ቤት ነው የሚበላው። ኮምፒውተር ያውቃል። በምፀት አይደለም የምለው፤ የሰፈሩ ሰው ኮምፒውተር ሲበላሽበት የሚጠራው እሱን ነው፣ ብዙውን ጊዜም ያስተካክለዋል። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ፊቴን ሲያይ ወዲያው ገባው።

"ተነሺ እስቲ" አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ኮምፒውተሩ ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን ምን ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ፣ የትኛው ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተ። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል፣ ቀልቷል። ከዝርዝሩ አናት ላይ አንቲቫይረሱ ተቀምጧል።

"ይኸውልሽ" አለ። "አንቲቫይረስሽ ነው። የምትቀጂውን ድምፅ ቫይረስ መስሎት እየፈተሸው ነው።"

አጠፋው። መንጣጣቱ ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ሦስታችንም ተገላገልን ብለን ምሳ በላን። መምህሩ ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሰው ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደ ውሃ ይሠራ ነበር። ድምፃቸው ሻካራ በሆነበት ሰዓት ሁሉ አንድ ቅጭታ የለም። ድምፃቸው ተከፍቶ፣ ሌላ ተረት ጀምረን፣ ነብሩ ከፍየሏ ጋር ሊታረቅ ሲል እንደገና ተንጣጣ። አሁን እኔው ዝርዝሩን ከፈትኩት። አንቲቫይረሱ የለም፤ አናቱ ላይ ፋይሎችን ለፍለጋ እንዲመቹ የሚመዘግበው የኮምፒውተሩ የራሱ ፕሮግራም ወጥቷል። ባለቤቴ ገባ፤ አየው።

"እሱ ነው። ትናንት አንቲቫይረሱ ሸፍኖት ነው እንጂ ዋናው እሱ ነው" አለ። በሙሉ ልብ ነበር የሚናገረው። ያንንም አጠፋው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ያናድደኛል። በየቀኑ ሌላ ጥፋተኛ እናገኛለን። የበላዩን ስናጠፋው ከሥሩ ያለው ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ሙቀት ነው ተብሎ የኮምፒውተሩ ሽፋን ተከፈተና አቧራው በብሩሽ ተጠረገ። ሌላ ቀን መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው ተባለ፤ ስታብላይዘር ከሱቁ አመጣ። ሌላ ቀን ደግሞ የድምፅ መቅጃው ገመድ ነው ተብሎ ገመዱ ተቀየረ። ሁልጊዜ ነገሩ ሲነሣ ባለቤቴ ከተፍ ይላል፣ ያያል፣ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይቆማል። ስለቆመም ያደረገው ነገር ነው ያዳነው ብለን እናምናለን። እሱ ያምናል፣ እኔም አምናለሁ። "እንኳን መጣህ" እለዋለሁ።

ዓርብ ብቻ ሰላም ነበር። ዓርብ ዓርብ ባለቤቴ ከጁምዓ በኋላ እዚያው መናኸሪያ ከሱቅ ጎረቤቶቹ ጋር ነው የሚበላው። እኔ ግን ነገሩን ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም። መምህሩ ነበሩ ልብ ያሉት፣ እሳቸውም በቀልድ።

"ማሽንሽ ዓርብ ዓርብ ጠባዩ ያምራል" አሉኝ። "ከናንተ ጋር ሶላት ጀምሯል መሰለኝ።"

ሳቅሁና አለፍኩት። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ሳቄን ትቼ ባስብ ኖሮ ስንት ቀን በተረፈልኝ።

ቀልዳቸው ግን እየቀነሰ ሄደ። መምህሩ ቀስ በቀስ ነገሩን ወደ ራሳቸው ማዞር ጀመሩ። "ድምፄ ከፍ ሲል ነው አይደል የሚያስቸግረው?" ይሉኛል። አይደለም እላለሁ። "ጠዋት ዝግ ብዬ ሳነብ ደህና ነው። ጠንከር ሳደርገው ነው የሚበላሸው።" እውነት ነው፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ሲያዩት እንደዚያ ነበር የሚመስለው። ድምፃቸው ጥሩ በሆነ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይታመማል። ስለዚህ በጥሩው ሰዓት ድምፃቸውን መቆጠብ ጀመሩ። ዝንጀሮው መጮኹን ተወ፤ ነብሩ እንደ ቢሮ ሠራተኛ መናገር ጀመረ። "ጋሼ፣ እንደ ድሮው ያንብቡልኝ" እላለሁ። "እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው" ይሉኛል። ከኮምፒውተሩ ይልቅ ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

በመጨረሻ ባለቤቴ "ሁሉንም ጠርገን እንደ አዲስ እንጫነው፤ የተደበቀ ነገር አለ" አለ። ተስማማሁ። ሥራዬ የተቀመጠበትን የዲስኩን ክፍል ሳይነካ ሌላውን አጠፋው። ጠዋቱን ሙሉ ፈጀ። መምህሩ እቤታቸው ቀሩ። ቀጥሎ ባለው ቀን ሙሉውን ጠዋት ቀዳን፤ ስድስት ሰዓትም አለፈ፣ ምንም የለም። ባለቤቴ ያን ቀን ዕቃ ሊያመጣ ሻሸመኔ ሄዶ ነበር። ማታ ሲመጣ የምሥራች አልኩት። ደስ አለው።

"እንግዲያው የቀሩትን ፕሮግራሞች ልጫንልሽ" አለ። "ሁሉንም እንደነበረ አደርግልሻለሁ።"

እንደነበረ አደረገው። በማግስቱ ለምሳ ሊገባ ሲል መንጣጣቱ ከበፊቱ ሁሉ ብሶ መጣ። ቅጭ ቅጭ ብቻ አልነበረም፤ ቀረጻው ራሱ መሃል ላይ ቆመና መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። የመምህሩ ንባብ በሙሉ ጠፋ።

መምህሩ ወረቀታቸውን አጣጠፉ። ፔርሙዛቸውን ከደኑ።

"ልጄ፣ አልተቀየምኩሽም" አሉኝ። "ግን ወጣት ሰው ፈልጉ። ይሄ ነገር የኔን ድምፅ አልወደደውም።"

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር ድምፅ አይመርጥም።"

"እንግዲያው ምንድን ነው?"

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ "ራም ቢጨመርለት..." ሲል ዞሬ አየሁት። ንግግሩን አልጨረሰም። መምህሩን በር ድረስ ሸኘኋቸው፣ ባጃጅ አስቆምኩላቸው፣ ተመልሼ ገባሁና ምሳ አልበላም አልኩ። ባለቤቴ ብቻውን በላና ወደ ሱቁ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የተበላሹትን ቀረጻዎች መክፈት ጀመርኩ። ሐሳቤ መመርመር አልነበረም። ከአንዱ ንባብ ደህናውን ቃል፣ ከሌላው ደህናውን ዐረፍተ ነገር ቆርጬ በመገጣጠም ቢያንስ የጃርቱንና የዝንጀሮውን ላድን ብዬ ነው። መንጣጣቱ በትክክል የት ላይ እንደሚጀምር ለማየት ድምፁን በጣም ከፍ አደረግሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከመምህሩ ድምፅ ሥር አንድ ሌላ ነገር ሰማሁ። በጣም ሩቅ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ነገር። ሞተር ሳይክል። ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ይጠፋል። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ መንጣጣቱ። ከመንጣጣቱ በኋላ ደግሞ የግቢያችን የብረት በር ሲከፈት፣ ያ የታወቀ ጩኸቱ።

መልሼ አዳመጥኩት። ከዚያ የነብሩንና የፍየሏን ከፈትኩ። ሞተር፣ ጸጥታ፣ መንጣጣት፣ በር። ሌላውን ከፈትኩ። እሱም እንደዚያው። አንዱ ላይ ባለቤቴ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ሁሉ ይሰማል፤ መንጣጣቱ ግን እሱ ሰላም እያለ ቀድሞ ጀምሯል። ያን ሁሉ ቀን ኮምፒውተሩ ሲታመም ሊረዳኝ የደረሰልኝ ሰው ሕመሙን ይዞት ነበር የሚመጣው።

እንዴት እስካሁን አልሰማሁትም? የሞተር ድምፅን ከቀረጻ ውስጥ ማጥፋት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ጆሮዬ ዘሎት ማለፍን ለምዷል። ታሪኩን የነገርኳቸው የሙያ ሰዎች ሁሉ ደግሞ "ስትቀጂ የኢንተርኔቱን ገመድ ለምን አልነቀልሽም ነበር?" ይሉኛል። አልታየኝም፤ ሌላ መልስ የለኝም። አሁን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወሬ እቀይራለሁ።

ለባለቤቴ ደወልኩና ቶሎ ና አልኩት። ደንግጦ መጣ። እንደጠረጠርኩትም፣ ብረት በሩን ሳይከፍት ፋኑ ማጓራት ጀምሮ ነበር። ውጭ ወጥቼ ተቀበልኩት።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ስልክህን ይዘህ እስከ ማዕዘኑ ሂድና ተመለስ።"

"ለምን?"

"ሂድ ብዬሃለሁ።"

ፊቴን አይቶ ሄደ። እኔ ገብቼ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ፋኑ ረገበ፤ ዲስኩ ወረደ። ከዚያ ሲመለስ እንደገና ዘለለ። ወጥቼ "እንደገና ሂድ" አልኩት። "አሁን ደግሞ ስልክህን ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ አስቀምጠህ ና።" ሲሄድ ሲመጣ ያየችው የፊት ለፊት ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ "ምን ጠፋባችሁ?" አለች። "ምንም እትዬ፣ ኮምፒውተር እየሠራን ነው" አላት። ሴትዮዋ አንድም ኮምፒውተር አላየችም፤ የምታየው በፀሐይ መንገድ ላይ የሚመላለስ ጎልማሳ ነው። ራሷን ነቅንቃ ገባች።

ስልኩን ትቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም።

ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየ።

"እኔ ነኝ እንዴ ቫይረሱ?" አለ።

"አንተ አይደለህም። ስልክህ ነው። ስልክህ እቤት ሲደርስ ዋይፋዩን ይይዝና ከኮምፒውተሬ ጋር የሚያወራው ነገር አለ። ምንድን ነው?"

አንገቱን አከከ። ይህን ሲያደርግ መልሱን እንዳገኘው አውቃለሁ።

"የፎቶዋ ፕሮግራም ትሆናለች" አለ።

"የምን ፎቶ?"

ነገረኝ። የዛሬ ዓመት ገደማ ስልኩ መናኸሪያ ውስጥ ተሰርቆበት ነበር። ከስልኩ ጋር እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ዒድ የተነሣናቸው ፎቶዎች ጠፉ። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ያን ጊዜ በጣም አልቅሼ "እባክህ ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆን አንድ ነገር አድርግ" ብዬው ነበር። እሱም አደረገ። አዲሱ ስልኩ ላይ አንድ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሬ ላይ ደግሞ መንትያዋን ጫነ። ስልኩ የቤታችንን ዋይፋይ ሲያገኝ ያሉትን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ በራሷ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። መስኮት የላትም፣ ድምፅ የላትም። ዝርዝሩ ውስጥ እንኳ ራሷ የምትበላው ጥቂት ስለሆነ ታች ነው የምትገኘው። እሷ ፋይሉን ስታመጣ ግን አንቲቫይረሱ ሊፈትሸው ይነሣል፣ መዝጋቢው ሊመዘግበው ይነሣል፣ ዲስኩ ይጨናነቃል። እኛ ስንገድል የከረምነው እሷን ሳይሆን እሷ የቀሰቀሰቻቸውን ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትንሽ ነገር ናት ብዬ። ረሳኋትም።"

"ሁሉን ጠርገን ከጫንን በኋላም መልሰህ ጫንካት።"

"'እንደነበረ አደርግልሻለሁ' ብዬሽ አልነበር?"

የምስቅም የምጮህም መሰለኝ፤ አንዱንም አላደረግሁም። ፕሮግራሟ ያጠራቀመችውን ማኅደር አስከፈትኩት። የስልክ ሽፋን ፎቶ፣ የቻርጀር ፎቶ፣ ደግሞ የስልክ ሽፋን ፎቶ በሌላ ቀለም። ደንበኞቹ የላኩለት፣ እሱም ለደንበኞቹ የላከው። በቅርቡ ከገባበት የነጋዴዎች ግሩፕ የሚላክለት ረጃጅም ቪዲዮ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ድመት ስትዘል፣ የማናውቀው ሰው ሠርግ። አዲስ ከተጫነች ወዲህ ደግሞ የቀድሞውን ሁሉ ስለረሳች፣ ስልኩ በገባ ቁጥር ያን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ስታመሳክር ነበር። ለድመት ቪዲዮ ብለን ነው የመምህሩን ዝንጀሮ ያጣነው።

"ሰዓት እሰጣታለሁ" አለ። "ማታ ማታ ብቻ እንድትሠራ..."

"አይሆንም። አሁን ትጥፋ።"

"የኛም ፎቶዎች አሉበት እኮ። ያንቺም የእህቶችሽም።"

"እነሱን ገልብጥልኝ። የቀረው ይጥፋ።"

"ቀስ በይ እንጂ፤ አንቺው ነሽ አድርግ ያልሽኝ።"

እውነቱን ነው። እውነቱ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። "ፎቶ ጠብቅልኝ አልኩህ እንጂ የእንጀራ መሶቤን ድፋልኝ አላልኩህም" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ የቤተሰቡን ፎቶ ለይቶ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጠ፣ ፕሮግራሟን ከኮምፒውተሩም ከስልኩም አጠፋ፣ ዋይፋዩን ስልኩ ላይ ዘጋው። ከዚያ "ሱቅ ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ለምሳ አልመጣም። የሚቀጥለውም ቀን አልመጣም። ሱቅ እንደሚበላ ነገረኝ፤ አኩርፏል። እኔም አኩርፌያለሁ። ኮምፒውተሩ ድኗል፣ የሚቀዳ ሰው ግን የለም። መምህሩ ስደውልላቸው "ተዪኝ ልጄ፤ ሌላ ሰው አታጡም" ብለው ዘጉ። ሁሉን ነገር ለሥራው ባለቤቶች እንዴት እንደምናገር ስጨነቅ ዋልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሳልጠብቅ፣ መምህሩ ፔርሙዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ይግቡ ጋሼ። ምነው ሳይደውሉ?"

"ባልሽ ትናንት እቤቴ መጥቶ ነበር" አሉኝ። ቤታቸው ባህል አዳራሽ በኩል ነው፤ እኔ ራሴ ሄጄ አላውቅም። "ሙዝ ገዝቶ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ብዙ ነገር አሳየኝ፤ ዋይፋይ፣ ምን፣ ምን። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ የርስዎ ድምፅ አይደለም አለኝ። የነገረኝ ነገር አንድም አልገባኝም። ድምፄ አለመሆኑ ግን ገብቶኛል።"

ምንም አልነገረኝም ነበር። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ እኔ ሄድፎኑን አደረግሁ፣ ለጥንቃቄም የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት።

የጃርቱንና የዝንጀሮውን ከመጀመሪያው አነበቡልኝ። ዝንጀሮው ጮኸ፣ አለቀሰ፣ አሳቀኝ። እስከ መጨረሻው አንድም ቅጭታ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ንባብ ይበልጥ ነበር። ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ልጆቹ ከዚህ ሌላ ስለማይሰሙ ይህ ይበቃቸዋል። ለመምህሩም አልነገርኳቸውም።

ለባለቤቴ ደወልኩና "ምሳ ቀርቧል፤ ጋሼም አሉ" አልኩት። "ስልኬን ሱቅ ትቼ ልምጣ?" አለኝ። "ይዘኸው ና፤ ዝም ብለህ ና" አልኩት።

ሥራው ከጥቂት ሳምንት በኋላ አለቀ። የሥራው ባለቤቶች ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ፋይሎቹ በስልክ ለመላክ ከብደዋቸዋል፣ ቀለል ብለው ይመጡልን አሉ። መልእክቱን ጮክ ብዬ ሳነብ ባለቤቴ ጫማውን እያደረገ ነበር።

"ለሱ የምትሆን አንዲት ፕሮግራም አለች" አለ። "በራሷ ነው የምትሠራው፤ ምንም አትነኪም።"

ቀና ብዬ አየሁት። ጫማውን አሰረ፣ የሞተሩን ቁልፍ አነሣ፣ ወጣ። እኔም ፋይሎቹን አንድ በአንድ በእጄ ስቀንስ እስከ ማታ ቆየሁ።